ሠራተኛዋ ስሟ ማን ነው?

በሚያዝያና በግንቦት፣ ካርቱም ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣና መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቀጥ ሲል፣ የአል-ማንሺያ ልጆቻችን ስለ በረዶ ያወራሉ። ዘንድሮም አወሩ። ምክንያቱ በሳተላይት የሚመጣ አንድ ቀላል የፈረንጅ ኮሜዲ ነበር። ታሪኩ የሚካሄደው ሰዎች እግራቸው ላይ ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገር አስረው ከተራራ ቁልቁል በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት የመዝናኛ ሆቴል ነው። እንግዳው ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፤ የሆቴሉ ሠራተኛ ሮጦ ያነሣዋል፤ እንግዳው አመስግኖ ሳይጨርስ እንደገና ይወድቃል። ልጆቹ ከዚህ የበለጠ ታሪክ አልጠየቁም። አምስተኛ ክፍሎች በእረፍት ሰዓት ካርቶን ዘርግተው፣ ከግንባታ በተረፈው የአሸዋ ክምር ላይ ቁልቁል ሲንሸራተቱ ያገኘናቸው በዚያው ሰሞን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሐበሻና በረዶን ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ላይ ተወዳድሯል። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። አገራችን በክረምት ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላም በካናዳ ቫንኩቨር ደገመው። ስለዚህ አምስተኛ ክፍሎች ተስፋ አይቁረጡ፤ ካርቶኑን ግን ለመዝገብ ቤት ይመልሱ።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በዓመቱ ውስጥ በርከት ያሉ ወላጆች ወደ ቢሯችን መጥተው አንድ ዓይነት አቤቱታ አሰምተዋል። ልጆቹ ቤት ሲገቡ ኮሜዲ ላይ ተጥደው ያመሻሉ፣ የተናገሯቸውን ሁሉ በቀልድ ይመልሳሉ፣ ቁም ነገር ከአፋቸው ጠፋ ይላሉ። «ምከሩልን፣ ካልሆነም ከልክሉልን» ብለውናል። ጥናትን በተመለከተ አንከራከርም፤ ተፈታኝ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ቀልድ ሲያይ ማደሩን የሚደግፍ መምህር የለንም። ኮሜዲን በጅምላ ከልክሉልን የሚለውን ግን አንቀበለውም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወላጆች አላነሡትም። ልጆቻችን ሲስቁ የሚስቁት በማን ነው?

ኮሜዲ ለአማርኛ የትናንት እንግዳ አይደለም። በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። እንስሳቱን እያናገረ ሹማምንቱን የሚወጋ ስለነበረ ቤተ መንግሥቱን አላሳቀም፤ ታገደ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ውሎ ሲያድር ደግሞ ቀልድ ሳሎናችን ድረስ ገባ። ከእኛ ትውልድ ተስፋዬ ካሳን፣ አለባቸው ተካን፣ ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን ያልጠበቀ ሰው ጥቂት ነው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ደጃፍ ላይ ጫማ ይደረደራል፣ ሕፃናት ከፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ አዋቂ ከኋላ ይቆማል፣ ቡናው በመሐል ይፈላል። አባት ከልጁ ጋር በአንድ ነገር እኩል የሚስቅበት ሰዓት ሌላ አልነበረም። አሁንም ከአገር ርቀን ያንን ሰዓት ከቤታችሁ አውጡት ብለን ለወላጅ ለመምከር አፋችን አይታዘዝልንም።

የቋንቋውም ነገር አለ። የሱዳን ዓረብኛ ለትልቁም ለትንሹም «ኢንታ» ነው። ልጆቻችን ሰፈር ውስጥ በዓረብኛ ይውላሉ፣ ክፍል ገብተው በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ «አንተ፣ ቁልፉን ስጠኝ» ይላሉ። በብልግና አይደለም፤ አማርኛ ሰውን በስንት ደረጃ እንደሚጠራ ጆሯቸው ስላልለመደ ነው። እርስዎንና አንቱን፣ ጋሼንና እትዬን ከሰዋስው መጽሐፍ አንብቦ የለመደ ልጅ እስካሁን አላጋጠመንም። ከኮሜዲ የለመዱ ግን ብዙ ናቸው። ማን ማንን አንቺ እንደሚል፣ ማን ሲገባ ማን ከመቀመጫው እንደሚነሣ፣ ምራት አማቷን በምን ቃል እንደምትሸነግል የሚያዩት እዚያ ነው። በአማርኛ ፈተና ላይ «ተንፏቀቀ» የሚለው ቃል ትርጉም የጠፋበት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ እጁን አውጥቶ አስፈቀደና ከአንድ ኮሜዲ ያየውን ትዕይንት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሠርቶ አሳየ። መምህሩ ሙሉ ነጥብ ሰጡት። እኛም ብንሆን እንሰጠው ነበር።

እንግዲህ ከልጆቻችን አፍ የማይጠፋውን «ቤቶች»ን እንውሰድ። በጥላሁን ጉግሳ አዘጋጅነት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው ይህ ተከታታይ ኮሜዲ ስሙ እንደሚለው የቤት ውስጥ ታሪክ ነው። የቤቱ ባለቤቶች አሉ፣ ዘበኛ አለ፣ የቤት ሠራተኛ አለች። የገጸ ባሕርያቱን ስም እናንተ ተማሪዎች ከእኛ የበለጠ ስለምታውቁት አንዘረዝርም። እንዳየነው ከሆነ በዚያ ቤት ትልቁ ሳቅ ከሳሎን አይነሣም፤ ከወጥ ቤትና ከግቢው በር ነው የሚነሣው። አንዳንዴ የምንስቀው ሠራተኞቹ ብልጥ ስለሆኑ ነው። ባለቤቶቹ የደበቁትን ያውቃሉ፣ የተጣሉትን ያስታርቃሉ፣ የታረቁትን ደግሞ ሲፈልጉ ያጣላሉ። አንዳንዴ የምንስቀው ግን በአነጋገራቸው ነው፤ ከተሜው የማይለው የገጠር ቃል ከአፋቸው ስላመለጠ። የሚገርመው፣ ልጆች ሲኮርጁ የመጀመሪያውን አይኮርጁም። አነጋገር ለመኮረጅ አንድ ከሰዓት ይበቃል፤ ብልጠት ለመጻፍ ግን ራስን ብልጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ የታየው ይኸው ነው። ስምንተኛ ክፍሎች ራሳቸው የጻፉትን ጭውውት አቀረቡ። አንድ ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ፣ ሽርጥ ታጥቆ የቤት ሠራተኛ ሆነ። አማርኛው የገጠር፣ ዓረብኛው የተሰባበረ። ማዳም ውኃ ስትጠይቀው ጨው ያመጣል፣ ጨው ስትለው በር ይከፍታል፣ በመጨረሻ ብርጭቆውን ከነሰርቪሱ ይጥለዋል። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ልጁ ተሰጥኦ አለው፤ ይህን ደግመን እንጽፋለን፤ በትምህርት ቤታችን መድረክ ላይ እንደዚያ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወድቅ ተዋናይ አይተን አናውቅም።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበረ ከኋላ ወንበር ከተቀመጡት እናቶች ብዙዎቹ ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ለምነው የመጡ ነበሩ። እነሱም ሳቁ። አንዷ በኋላ ወደ ቢሮ ብቅ ብለው ልጁን መረቁትና፣ «ጎበዝ ነው፣ እግዜር ያሳድገው። ግን ጋሼ፣ ሠራተኛዋ ስሟ ማን ነበር?» አሉን። ጽሑፉን አስመጥተን አየነው። አባትየው ስም አለው። ማዳም ስም አላት። ድመቷ እንኳ ስም አላት። ሠራተኛዋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ሠራተኛዋ» ናት።

በማግስቱ ክፍል ገብተን ስለዚያ የበረዶ ኮሜዲ ጠየቅናቸው። በየክፍሉ የሚወድቁትን እንግዶች ስም አንድ በአንድ ቆጠሩልን። የሚያነሣቸው ሠራተኛ ስሙ ማን ነው አልን። ክፍሉ ዝም አለ። አንዷ ልጅ ቀይ ጃኬት እንደሚለብስ አስታወሰች።

አል-ማንሺያ ሰፋፊ ግቢ ያለው ሰፈር ነው። በር ላይ ጋፊር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ያለባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከነዚያ ጋፊሮችና ሠራተኞች መካከል የእኛ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ገሚሱ እዚያው ያድራል፤ ገሚሱ በማለዳ ድልድዩን ተሻግሮ ከምሥራቅ ጀሪፍ፣ ወይም ከዴም በረክሻና በአምጃድ ይመጣል። የዚህ ትምህርት ቤት የመምህራን ደመወዝ፣ ይህ መጽሔት የታተመበት ወረቀትም ሳይቀር፣ በአብዛኛው የሚከፈለው በእነዚያ ወጥ ቤቶች ውስጥ ከሚለፋ እጅ ነው። ይህንን የምንለው አንጀት ለመብላት አይደለም፤ የሒሳብ ክፍላችንን መዝገብ የገለጠ ሁሉ የሚያየው ነው። በምዝገባ ቅጻችን ላይ ደግሞ «የእናት ሥራ» የሚል መስመር አለ። ትልልቆቹ ልጆች ቅጹን ራሳቸው ይሞላሉ። ያንን መስመር ባዶ የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ ሌሎቹ «የግል ሥራ» ይላሉ። አንዱ «ቢዝነስ» ብሎ ጽፏል። በአዳራሹ የተሳቀውን ሳቅና ያንን ባዶ መስመር ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከሌላው ወገን እንየው። የሱዳን ሕዝብ ቀልድ የሚያውቅ፣ በራሱም መሳቅ የሚወድ ሕዝብ ነው። የኦምዱርማኑ አል-ፋዲል ሰዒድ፣ ከዚህ አገር ኮሜዲ ፈር ቀዳጆች አንዱ የነበረው፣ አሮጊት መስሎ ሲጫወት ስንቱን ቤተሰብ እንዳሳቀ የሰፈራችን ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያወራሉ። ሆኖም በዚህ አገር ቀልድ ውስጥ ዓረብኛ የሚሰባበርባት ሐበሻ ሻይ ሻጭ ወይም ሐበሻ ሠራተኛ አትጠፋም። ለወንዱ «ኢንቲ» ለሴቷ «ኢንታ» እያለች ታስቃለች። ልጆቻችን ዓረብኛቸው ከሰፈሩ ልጆች የማይለይ ስለሆነ ቀልዱ ሙሉ በሙሉ ይገባቸዋል፤ ሲሰሙት ግን ፊታቸው ይቀየራል። ባለፈው ዓመት በዚህ ምክንያት ተደባድበው ሸሚዛቸው ተቀዶ የመጡ ሁለት ተማሪዎችን ከጎረቤት ልጆች ጋር አስታርቀናል። ከሁለቱ አንዱ ዘንድሮ ከጭውውቱ ጸሐፊዎች መካከል ነበር። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ እሱ ራሱን ያውቃል፤ ጥሩ ልጅ ነው።

በመንገድ ላይ ያስለቀሰው ቀልድና በመድረክ ላይ የጻፈው ቀልድ አንድ መሆናቸው ያልታየው እሱ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር «ፎልቲ ታወርስ» የሚባል፣ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ የሚካሄድ ዝነኛ ኮሜዲ ነበር። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1979 አሳየው፤ ክፍሎቹ በጠቅላላ 12 ብቻ ናቸው። በሆቴሉ ውስጥ ማኑዌል የሚባል ከባርሴሎና የመጣ አስተናጋጅ አለ። እንግሊዝኛ አያውቅም፣ የታዘዘውን ሁሉ ገልብጦ ይሰማል፣ ጌታው ራሱን በማንኪያ ይመታዋል። ኮሜዲው ወደ ስፔን ሲሻገር ምን ሆነ መሰላችሁ? ስፔኖች በራሳቸው ሰው መሳቅ ስላልተመቻቸው በትርጉሙ ማኑዌልን ጣሊያናዊ አደረጉት። ባርሴሎና ባለችበት በካታላን ቋንቋ ሲተረጎም ደግሞ ሜክሲኮአዊ ሆነ። ሁሉም ማንኪያውን ወደ ጎረቤቱ አሻገረው። እኛም አዳራሻችን ውስጥ ያደረግነው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሱዳናዊው በሐበሻዋ ይስቃል፣ የካርቱም ሐበሻ ደግሞ ትናንት ከገጠር በመጣችው።

ማኑዌልን ሆኖ የተጫወተው አንድሩ ሳክስ ስፔናዊ አልነበረም። በርሊን ተወልዶ፣ ናዚዎች ቤተሰቡን ሲያሳድዱ በ1938 በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሰው ነው። ባዕድ ቋንቋ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚከብድ ከማንም የበለጠ ያውቀው ነበር ብለን እናስባለን። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ማኑዌል ሲሳቅበት እንኳ የማይጠላው፤ ጌታው ባዚል ይዋሻል፣ ይፈራል፣ ይቆጣል፤ ማኑዌል ግን የተቻለውን ያደርጋል። ስምም አለው። ተመልካቹ ያንን ሆቴል ከረሳ በኋላ እንኳ የሚያስታውሰው ስም ነው።

ጽሑፉን ከመላካችን በፊት ያነበቡልን አንድ ባልደረባችን አልተስማሙም። ቀልድን በሚዛን ከመዘናችሁት ይሞታል፤ ይህኛውን አትንኩ፣ ያኛው ቅር ይለዋል ስትሉ መድረኩ ላይ የሚቀረው የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ብቻ ነው አሉን። ግማሹን እንቀበላቸዋለን። «የቤት ሠራተኛ በጭውውት ውስጥ እንዳትገባ» የሚል ማስታወቂያ ብንለጥፍ፣ በቅጹ ላይ ያለውን ባዶ መስመር መድረክም ላይ ደገምነው ማለት ነው። እናቶቻችን ከመድረክ እንዲወጡ አንፈልግም። ቀልዱ ሲጻፍ ግን አንድ ነገር ይታሰብበት እንላለን፤ ሠራተኛዋ የምታየው ነገር አለ። ቤቱን ሙሉ የምታውቀው እሷ ናት። ከእሷ የሚያመልጥ ሚስጥር የለም። ጸሐፊ ለመሆን ከእሷ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ማን አለ?

በፋና ቴሌቪዥን በ2011 ይታይ የነበረውን «ምን ልታዘዝ»ን አስታውሱ። ቦታው ካፌ ነው። ርዕሱም አስተናጋጅ በቀን መቶ ጊዜ የሚለው፣ ማንም ልብ ብሎ የማይሰማው ቃል ነው። ነገር ግን በዚያ ካፌ ውስጥ የአገሩ ፖለቲካ ሁሉ ከትሪ ጋር አብሮ ይዞር ነበር፤ የሚቀልዱት ዝቅ ባለው ላይ ሳይሆን በሚያዘው ላይ ነው። አስተናጋጁ ሐሳብ አለው፣ ይከራከራል፣ ይታዘባል። መታዘዝና መታዘብ በአማርኛ እንዴት እንደተጎራበቱ የቋንቋ መምህራችን ለስምንተኛ ክፍሎች ሊያስረዱ ቃል ገብተዋል፤ ከቀጠሉ አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃቸውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው ይህ ነው። ጭውውቱ ይቀጥላል፤ የተሰጠው ጊዜም ከ15 ደቂቃ ወደ 30 ከፍ ይላል። ሽርጥ መታጠቅ አይከለከልም፣ መውደቅም አይከለከልም። የድራማ ክበቡ ጽሑፍ ወደ እኛ ሲመጣ ግን መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ስም እንዲኖረው እንጠይቃለን፤ ድመቷን ጨምሮ። በጥቅምት ወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሰው ቤት የሚሠሩ ወላጆች ወደ ክበቡ መጥተው ያዩትን የሚያስቅ ነገር ለተማሪዎቹ እንዲያጫውቱ እንጋብዛለን። የአሠሪ ስምና የቤት ቁጥር አይነሣም። ቡና እናፈላለን፤ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። መምጣት የምትፈልጉ ወላጆች ከአሁኑ ፈቃድ መጠየቅ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፣ የማዳሞችን ነገር ታውቁታላችሁና።

ሐሳቡን ስንናገር ከሰሙን አባቶች አንዱ ጥቅምትን አልጠበቁም። ጋፊር ናቸው። የቤቱ ጌታ አንድ ቀን እንግዳ በር ሲያንኳኳ ከመስኮት አይተው «የለም በለው» ብለው አዘዟቸው። አባት በሩን ከፈቱና፣ በዚያ ሁሉም በሚስቅበት ዓረብኛቸው፣ «ጌታዬ ‹የለም በለው› ብለዋል» አሉ። እንግዳው ሳቁ፤ ጌታውም እያፈሩ ወጥተው «አይ ሐበሺ፣ ዓረብኛው እኮ ነው» እያሉ ሳቁ። እንግዳው ገብተው ተቀመጡ። የመጡት ያበደሩትን ገንዘብ ሊቀበሉ ነበር።

የአባት የሁለት ወር ደመወዝ ያን ጊዜ አልተከፈለም ነበር። ታሪኩን ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ዓረብኛዬ ደህና ነበር» አሉን።